«ኮምፒውተርዎን አያጥፉ»፦ የዊንዶውስ አፕዴት ታሪክ

በቤተ ክርስቲያናችሁ የሚዲያ ክፍል የምታገለግሉ ወጣቶች ይህችን ቅጽበት ታውቋታላችሁ። መዘምራኑ አዝማቹን ለሁለተኛ ጊዜ ይዘውታል፤ ጉባኤው ቆሟል። ድንገት በፕሮጀክተሩ የሚታየው የመዝሙር ግጥም ይጠፋና በሰማያዊ መደብ ላይ ትንንሽ ነጭ ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው መዞር ይጀምራሉ። አፕዴት በመጫን ላይ ነው፤ ኮምፒውተርዎን አያጥፉ። 12 በመቶ። ግጥሙን በቃሉ የያዘ መዘመሩን ይቀጥላል፤ ያልያዘ ዜማውን ብቻ ያንጎራጉራል፤ ላፕቶፑ ፊት የተቀመጠው ልጅ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለዋል።

በዚያች ደቂቃ ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ማሽኑ የእኛ ሆኖ ሳለ መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ማን ነው? ጥያቄው ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በየጊዜው የተሰጠው መልስም ሰው ጎድቷል፤ አንዳንዴ «አፕዴት አላደርግም» ያለውን፣ አንዳንዴም ሳይወድ በግድ የተደረገበትን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ማንንም «ሰነፍ» ብዬ አልወቅስም። የወይን ጠጁንና የአቁማዳውን ምሳሌ ይጠቅሳል ብሎ የጠበቀ ካለም ይቅርታ ያድርግልኝ፤ ጌታ ያን የተናገረው ስለ ሶፍትዌር አይደለም። (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዊንዶውስ ኤክስፒ ለገበያ የቀረበው ኦክቶበር 25 ቀን 2001 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አብዛኛው ሰው ዊንዶውስን የሚያገኘው በዲስክ ነበር፤ አንዴ ከተጫነ ስሕተቱም ጉድለቱም ማሽኑ እስኪያረጅ አብሮት ይኖራል። ኮምፒውተሩ ለብቻው እስከተቀመጠ ድረስ ይህ ብዙ አይጎዳም። ኢንተርኔት ሲገባ ግን በፕሮግራሙ ውስጥ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ከሩቅ ለሚመጣ ሌባ በር ሆነች። የማይክሮሶፍት መሥራች ቢል ጌትስ በጃንዋሪ 2002 ለሠራተኞቹ በላከው ማስታወሻ፣ አዲስ ነገር ከመጨመርና ደኅንነትን ከማጠበቅ አንዱን መምረጥ ሲኖርብን የምንመርጠው ደኅንነትን ነው ብሎ ጽፎ ነበር።

ፈተናው ለመምጣት አልዘገየም። ጁላይ 16 ቀን 2003 ማይክሮሶፍት አንድ አደገኛ ቀዳዳ መገኘቱን አስታውቆ መድፈኛውን በነጻ አወጣ። ብዙ ሰው ግን አልጫነውም። ከ26 ቀን በኋላ፣ ኦገስት 11፣ ብላስተር የተባለው ትል ተለቀቀ። «ትል» የተባለው አንድ ሰው ፋይል እስኪከፍትለት ስለማይጠብቅ ነው፤ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ላይ መሆኑ ብቻ ይበቃዋል። የተያዘው ማሽን በ60 ሰከንድ ውስጥ እንደሚዘጋ ያስታውቅና እየቆጠረ ይጠፋል፤ ሲከፍቱት ደግሞ እንደገና። በትሉ ውስጥ ለቢል ጌትስ የተጻፈ ዘለፋ ተቀብሮ ተገኝቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው፦ ትሉ ኦገስት 16 ቀን እንዲያጠቃ የታዘዘው አፕዴት የሚወርድበትን አድራሻ ነበር። ሕመም ዘርቶ መድኃኒት ቤቱን መዝጋት ማለት ነው። ደግነቱ በትሉ ውስጥ የተጻፈው አድራሻ ወደ ዋናው የሚያሻግር እንጂ ዋናው አልነበረም፤ ማይክሮሶፍት ያን አድራሻ ራሱ ዘጋውና ጥቃቱ ከሸፈ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አሠራሩ ተለወጠ፤ መድፈኛዎች በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ እንዲወጡ ተወሰነ። በእኛ ሰዓት ማክሰኞ ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት መሆኑ ነው። እንግዲህ በዚያ ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፓችሁ «አጥፍተህ አብራኝ» እያለ ቢነዘንዛችሁ ልማዱ ከየት እንደመጣ ዐወቃችሁ።

በኦገስት 2004 ደግሞ ለኤክስፒ «ሰርቪስ ፓክ 2» መጣ፤ ፋየርዎሉን ራሱ የሚያበራ፣ አፕዴት በራሱ እንዲወርድ ባለቤቱን የሚያግባባ። ሥራው መልካም ነበር። መጠኑ ግን በሙሉ ከ250 ሜጋባይት በላይ ነው። ለእናንተ ይህ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። ያኔ በአገራችን ብዙው ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በስልክ መስመር ነበር፤ መስመሩ በሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት፣ በሰከንድ 56 ኪሎቢት፣ አንዴም ሳይቋረጥ ቢወርድ እንኳ ወደ 10 ሰዓት ይፈጃል። 10 ሰዓት ሙሉ ያልተቋረጠ መስመር ያየ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ካላችሁ እስቲ ጠይቁ! በደቂቃ እየከፈለ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው፣ አፕዴት የሀብታም አገር ሰው ነገር ነው ብሎ ቢተወው አይፈረድበትም።

ብዙ የማይነገር ሌላ ምክንያትም ነበር። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የነበረው ዊንዶውስ ያልተገዛ፣ ከእጅ ወደ እጅ የተገለበጠ ነው። ማይክሮሶፍት በ2005 የተገዛውን ከተገለበጠው መለየት ሲጀምር፣ እንዳይታወቅበት የፈራ ሰው አፕዴቱን ዘጋው። የሚያሳዝነው ነገር የደኅንነት መድፈኛዎቹ ለተገለበጠው ኤክስፒም አልተከለከሉም ነበር። ፍርሃቱ ቀዳዳውን ክፍት አስቀረው። (ስለ ተገለበጠ ሶፍትዌርና ስለ ክርስቲያን ሕሊና መነጋገር ያስፈልገናል፤ ለሌላ እትም ይቆየን።)

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የራሱ ጭንቀት ነበረው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ዓለም በተስማማበት የፊደላት የቁጥር ሰንጠረዥ፣ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደላችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ምልክት ነው፤ ፎንቱ ብቻ «ሀ» አስመስሎ ያሳየናል። ወንበሮቹም ከ256 ስለማይበልጡ ፊደላችን በአንድ ፎንት አልበቃ እያለ ይከፋፈል ነበር። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት ፕሮግራሞች ውለታቸው ትልቅ ነው፤ ያለ እነርሱ ስንቱ ደብዳቤ፣ ስንቱ የመዝሙር ጥራዝ፣ ስንቱ ቃለ ጉባኤ በእጅ በቀረ ነበር። ነገር ግን በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ፋይል ፎንቱ ወደሌለበት አዲስ ማሽን ሲሄድ ያ ሁሉ ድካም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። የ10 ዓመት ቃለ ጉባኤ በእጁ ያለ ጸሐፊ «አዲሱ ዊንዶውስ ይግባ» ሲባል ቢደነግጥ ምን ይገርማል?

ታሪኩ የሚቀልደው እዚህ ላይ ነው። ጃንዋሪ 30 ቀን 2007 ዊንዶውስ ቪስታ ለሕዝብ ወጣ። ዓለም ጠላው። ከባድ ነው፣ ፕሪንተሩን አያውቅልኝም፣ ለእያንዳንዱ ነገር «ትፈቅዳለህ?» እያለ ያሰለቸኛል ተባለ፤ ብዙ ሰውና ብዙ መሥሪያ ቤት ኤክስፒን አልለቅም አለ። ሆኖም የግዕዝ ፎንት በውስጡ ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ ይኸው የተጠላው ቪስታ ነበር። ፎንቱ ኒያላ ይባላል፤ ስሙ በአገራችን ደጋ ብቻ ከሚኖረው አጋዘን የተወሰደ ነው። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ፣ ማንም ምንም ሳይጭንለት፣ በባዕድ አገር ኮምፒውተርም ሊነበብ ቻለ። በቪስታ ላይ የሚሳለቅ ሰው ስትሰሙ ይህን ንገሩልኝ።

ኤክስፒ ግን የሙጥኝ እንደተባለ ዓመታት አለፉ። ማይክሮሶፍት ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ጥገናውን አቆመ፤ ማሽኖቹ መሥራታቸውን አላቆሙም።

ሜይ 12 ቀን 2017 ዓርብ ነበር። በእንግላንድ ሆስፒታሎች ኮምፒውተሮች ላይ ቀይ መስኮት ወጣ፤ ፋይሎቻችሁ ተቆልፈዋል፣ እንዲከፈቱ 300 ዶላር በቢትኮይን ክፈሉ የሚል። ዋናክራይ የተባለው ትል ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ 150 በሚያህሉ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። የገባበትን ቀዳዳ አስቀድሞ ያገኘውና ለራሱ ሥራ ደብቆ ያቆየው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ኤንኤስኤ ነበር፤ ምስጢሩ ሾልኮ አደባባይ የወጣው በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ነው። መድፈኛው ግን ማርች 14 ቀን ወጥቶ ነበር። ሁለት ወር ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶታል።

የብሪታንያ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት፣ ሆስፒታሎችንና ሌሎች የጤና ተቋማትን ከሚያስተዳድሩት የእንግላንድ 236 አካላት ቢያንስ 80ው ታውከዋል፤ የተሰረዙት ቀጠሮዎችም ከ19,000 በላይ እንደሚሆኑ ተገምቷል። በአምስት አካባቢዎች ድንገተኛ ሕመም የገጠማቸው ሰዎች ራቅ ወዳለ ሆስፒታል መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል። ቁጥሩን ቶሎ አትለፉት። ከእነዚያ ቀጠሮዎች እያንዳንዱ፣ ቀኑን ሲጠብቅ የቆየ አንድ ሰው ነው።

ወዲያው «አሮጌውን ኤክስፒ ስላልጣሉ ነው» ተባለ። ሪፖርቱ ያገኘው ግን ሌላ ነው። ከተያዙት የሆስፒታል ማሽኖች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የነበራቸው፣ ማለትም ጥገናው ያልተቋረጠባቸውና መድፈኛው የቀረበላቸው ነበሩ። ታዲያ ለምን አልተጫነም? እንደ ኤምአርአይ ያለ መሣሪያ በውስጡ ዊንዶውስ ይኖረዋል፤ አምራቹ ሳይፈትሸው አፕዴት ቢደረግ መሣሪያው ሊቆም ይችላል። ሌት ተቀን በሚሠራ ሆስፒታል ደግሞ «ኮምፒውተሩን ለአንድ ሰዓት ዝጉት» ለማለት የሚመች ሰዓት የለም። ዛሬ ወረፋ የያዘ ሕመምተኛ አለ፤ ነገ ይደረሳል። ይህ ለሕመምተኛው ታስቦ ሊሆን ይችላል። ዓርብ ዕለት ቀጠሮው የተሰረዘበት ግን ያው ሕመምተኛ ነው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ አልረሳ ያለኝ ይህ ነው።

ትሉን የገታው በደቡብ ምዕራብ እንግላንድ የሚኖር ማርከስ ሃቺንስ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ትሉ ፋይል ከመቆለፉ በፊት ማንም ያላስመዘገበውን አንድ የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚጠራ አየና በ10 ዶላር ከምናምን ሳንቲም አስመዘገበው። ትሉ አድራሻው ሲመልስለት ሥራውን ተወ። ልጁ ያደረገው ነገር ትሉን እንደሚያቆም የተረዳው ካስመዘገበ በኋላ ነው።

ማይክሮሶፍት ከዋናክራይ በፊትም ነገሩ ለሰው ምርጫ ከተተወ ብዙ ሰው እንደማይጭን ተረድቶ ነበር። ስለዚህ ጁላይ 29 ቀን 2015 የወጣው ዊንዶውስ 10 ምርጫውን ከእጃችን ወሰደው፤ የቤት ተጠቃሚ ማሽኑ ጠፍቶ የሚበራበትን ሰዓት ይመርጥ እንደሆነ እንጂ አፕዴቱን እምቢ ማለት አልቻለም። ወደ አዲሱ ዊንዶውስ ተሻገሩ የሚለው ግብዣም ልክ አጣ። በ2016፣ የግብዣውን መስኮት ለመዝጋት ቀዩን «ኤክስ» የተጫነ ሰው እንደ ተስማማ የተቆጠረበት ጊዜ ነበር። «ኤክስ» ሲጫኑት እንደሚዘጋ ለዓመታት ያስለመደን ማን ሆነና! በካሊፎርኒያ የጉዞ ወኪል የሆነች ሴት፣ ሳልፈቅድ የገባው ዊንዶውስ 10 የሥራ ኮምፒውተሬን አበላሸው ብላ ከሰሰች፤ 10,000 ዶላር ተፈረደላት፤ ማይክሮሶፍትም ይግባኙን ተወው።

ከዚያ የባሰው የመጣው ኦክቶበር 2 ቀን 2018 ነው። በዚያ ቀን የወጣው ትልቅ አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ሰነድና ፎቶ ከማሽናቸው ደመሰሰ። ችግሩ የገጠማቸው ከጠቅላላው ሲታዩ በጣም ጥቂት ነበሩ፤ የልጁን ፎቶ ላጣ ሰው ግን መቶኛው ምን ያደርግለታል? አፕዴቱ ከመውጣቱ በፊት በፈቃደኝነት የሚሞክሩት ሰዎች ችግሩን አመልክተው ነበር፤ ድምፃቸው በብዙ ሺህ አስተያየት መካከል ተዋጠ። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቁሞ፣ አርሞ፣ ኖቬምበር 13 ቀን መልሶ አወጣው። በ2019 ደግሞ የቤት ተጠቃሚም አፕዴቱን እስከ 35 ቀን ማቆየት እንዲችል አደረገ። ምርጫው በከፊል ተመለሰ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ጥገና ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ግን ማሽኑ «ቲፒኤም 2.0» የሚባል የደኅንነት ክፍልና አዲስ ዓይነት ፕሮሰሰር እንዲኖረው ይጠይቃል። ድሮ እምቢ የሚለው ሰው ነበር፤ ዛሬ ሰው ፈቅዶ ዊንዶውሱ እምቢ ይላል። ባሕር ማዶ ያሉ ወንድሞችና እኅቶች ተጠቅመውባቸው በስጦታ የላኩልን፣ ምንም ያልጎደላቸው ላፕቶፖች በብዙ የቤተ ክርስቲያን ቢሮዎች አሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሩ ላይ የሚመለሱ ናቸው።

የቤተ ክርስቲያናችሁ ቢሮ ኮምፒውተር የትኛው ዊንዶውስ እንዳለው የቢሮውን ጸሐፊ ጠይቁ። ቃለ ጉባኤውና የአባላት መዝገቡ በየትኛው ፎንት እንደተጻፉም አብራችሁ ጠይቁ። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ካለ፣ ፎንቱ ገና በማሽኑ ላይ ሳለ ወደ ዩኒኮድ እንዲለወጥ አግዟቸው፤ ቅጂውም በሌላ ዲስክ ይቀመጥ። አዲስ ማሽን ቢገዛም፣ ጸሐፊው ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍተው በዓይናቸው አንብበው እስኪጨርሱ አሮጌውን አትጣሉባቸው።