ዝገትን ያበጠረ እጅ

ሰው ብረትን ቀጥቅጦ መሣሪያ ካበጀበት ዘመን አንሥቶ ዝገት የማይተኛ ጠላቱ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የነበሩ የአውሮፓ ጠመንጃ ሠሪዎች ይህንኑ ጠላት ገርተው የብረት ጠባቂ አድርገውታል። የአሮጌ ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ የሚታየው ጥቁር ሰማያዊ መልክ ቀለም የተቀባ ይመስላል እንጂ ቀለም አይደለም፤ በትዕግሥት የተቀቀለና የተበጠረ ዝገት ነው።

አሠራሩ ረጅም ነበር። የተወለወለው አፈሙዝ ሁለት ጫፎቹ በእንጨት ውታፍ ይደፈናሉ፤ ቅባቱም በኖራ ታሽቶ ይለቅቃል። የጣት ወዝ ቢያርፍበት ነጥብ ሆኖ ስለሚቀር ከዚያ ወዲያ ብረቱ በባዶ እጅ አይነካም። ቀጥሎ አሲድ ያለበት ፈሳሽ በስሱ ተቀብቶ እርጥበት ባለው ስፍራ ለሰዓታት ይቆያል። ቀይ ዝገት ሲያለብሰውም በፈላ ንጹሕ ውሃ ይቀቀላል፤ በዚህም ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ይለወጣል። ሳይቀቀል ከቀረ መልኩ ቡናማ ይሆናል፤ ጥንታዊውም ልማድ ይኸው ቡናማው ነበር።

የጥበቡ ልብ የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ከፈላው ውሃ የወጣው አፈሙዝ ከፋይ በሚመስል ጥቁር ብናኝ ተሸፍኖ ይታያል። ከብረቱ ጋር የተዋሐደው ስስ ሽፋን እንዲቀር፣ ያልያዘው ብናኝ ግን እንዲረግፍ በቀጫጭን የሽቦ ጥርሶች ይበጠራል። እንግሊዞች ለዚህ ተግባር የሰጡት ስም ከሱፍ አበጣሪዎች ሙያ የተወሰደ ነው፤ ጥጥን በደጋን ነድፎ ባዘቶ ማውጣትን ለሚያውቅ ሕዝብም ንጽጽሩ እንግዳ አይሆንም። እጅ ከከበደ ሽፋኑ ተፍቆ ብረቱ ይገለጣል፤ እጅ ከላላ ልቅ ዝገት ከሥር ይቀርና ቀጣዩ ሽፋን ዥንጉርጉር ይሆናል። መቀባቱ፣ መቀቀሉና ማበጠሩ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም አሥር ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ አፈሙዙ በዘይት ታብሶ ሥራው ይፈጸማል።

የእንግሊዝ የጠመንጃ ሥራ ማእከል በነበረችው በበርሚንግሃም ከተማ ሥራው በብዙ ሙያዎች ተከፋፍሎ ነበር። አፈሙዝ የሚቀጠቅጠው፣ ሰደፍ የሚጠርበውና አፈሙዝ የሚያጠቁረው ሠራተኛ የተለያዩ ነበሩ። ሙያው አደጋም ነበረበት። የዩናይትድ ስቴትስ ጦር እ.ኤ.አ. በ1861 ባሳተመው የጦር መሣሪያ መምሪያ መጽሐፍ ውስጥ ለአፈሙዝ ማቅለሚያ የተሰጠው ቅመም ከናይትሪክ አሲድና ከመዳብ ሰልፌት ጋር ብርቱ መርዝ የሆነውን የሜርኩሪ ክሎራይድ ይጨምራል። መልክ ይሰጥ የነበረው እጅ ከመርዝ ጋር የሚውል እጅ ነበር ማለት ነው።

የዚያ ዘመን ጠመንጃ ታሪክ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋርም ይገናኛል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የታጠቀው፣ በአፉ ይጎርስ ከነበረው የኤንፊልድ ጠመንጃ ተለውጦ በኋላው እንዲጎርስ የተደረገውን አዲስ መሣሪያ ነበር። የመጉረሻውን ብልሃት የፈለሰፈው አሜሪካዊው ጄኮብ ስናይደር ሲሆን፣ ስሙም በአማርኛ «ሰናድር» ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል። የፈልሳፊው ስም ባሕር ተሻግሮ የሌላ ሕዝብ ቃል ሲሆን፣ አፈሙዝ ሲያበጥር የኖረው ሠራተኛ ስም ግን ከጠመንጃው ላይ እንኳ አልተቀረጸም።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፋብሪካ ሥራ ወደ ፈጣኑ ዘዴ አዘነበለ። በኮስቲክ ሶዳና በናይትሬት ጨው የጋለ ፈሳሽ ውስጥ የተነከረ ብረት ቀናት መጠበቅ ሳያሻው በደቂቃዎች ይጠቁራል። ሆኖም ይህ ፈሳሽ የጥንድ አፈሙዝ ጠመንጃዎችን መገጣጠሚያ፣ የቆርቆሮና የእርሳስ ብየዳውን፣ ይበላዋል። ስለዚህ የእነዚህ ጠመንጃዎች ሠሪዎችና አዳሾች እስካሁን ወደ አሮጌው ዘዴ ይመለሳሉ። ፈጣኑ ዘዴ ሊሠራው ያልቻለውን የሚሠራው ዛሬም ዝገቱን መቼ ማበጠር፣ መቼም ማቆም እንዳለበት የሚያውቀው እጅ ነው። በሙዚየም መስታወት ውስጥ ጠቁሮ የሚያበራ አፈሙዝ የሚመለከት ሰው በሰደፉና በቃታው መካከል የማንን ስም እንደሚያነብ ያውቃል፤ የሚያደንቀው ውበት ግን ስሙ ያልተጻፈው ሰው ሥራ ነው።