ገንዘቡ ከየት መጣ? የውጭ አገር የክረምት ትምህርት ዕድል አጭር ታሪክ

በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየግሩፑ የሚለዋወጡት አንድ ዓይነት ማስታወቂያ አለ። «ሙሉ ወጪው የተሸፈነ፣ የአውሮፕላን ትኬትን ጨምሮ፣ የክረምት ትምህርት በውጭ አገር» ይላል። ከሥሩ የሚደረደሩት ጥያቄዎችም ይመሳሰላሉ። ስንት ጂፒኤ ይጠይቃል? አይኤልትስ ግዴታ ነው? ማመልከቻው መቼ ይዘጋል? «ይህን ገንዘብ ያወጣው ማነው? ለምንስ አወጣው?» የሚል ግን እምብዛም አይገኝም። የነዚህ ዕድሎች ታሪክ ሲታይ ግን ከሁሉም መቅደም የነበረበት ይኸኛው ጥያቄ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ውጭ አገር መማር ሲጀመር ማመልከቻ የሚባል ነገር አልነበረም። የሚሄደው ቤተ መንግሥት የሚያውቀው፣ መኳንንት ያሳደጉት ወይም የውጭ ሰው ዓይን ያረፈበት ልጅ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ ድል በኋላ ሩሲያ ገብተው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት በራስ መኮንን ዙሪያ ስለነበሩ ነው። ኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኚሁ ሰው ናቸው። ዶክተር መላኩ በያንም አሜሪካ ሄደው መጀመሪያ ኦሃዮ በሚገኘው መስኪንገም ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት የቤተ መንግሥቱ ሰው ሆነው ነው። ሁለቱም ችሎታ እንደነበራቸው ሥራቸው ይመሰክራል። ነገር ግን የነሱን ያህል ችሎታ የነበረው የገበሬ ልጅ «እኔም አለሁ» ብሎ ስሙን የሚጽፍበት ወረቀት አልነበረውም።

በሌላው ዓለምም ቢሆን በሩ የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በአሜሪካ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ አስተማሪ ሬይመንድ ኪርክብራይድ ስምንት ተማሪዎችን ይዞ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። እሱ ራሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ ሰው ነበር። ሐሳቡ ተማሪዎቹ የሌላውን ሕዝብ ቋንቋና ኑሮ በቦታው ተገኝተው እንዲያውቁ ነው። ክረምቱን ናንሲ ከተማ ላይ ፈረንሳይኛቸውን ካጠናከሩ በኋላ ፓሪስ ገቡ። ወጪውን ለመሸፈን ግን የግል ባለሀብቶችን ደጅ መጥናት አስፈልጎ ነበር።

በዚያው ዘመን ጀርመን በጦርነቱ ተሸንፋ ከዓለም ተነጥላ ነበር። ካርል ዮአኪም ፍሪድሪሽ የተባለ የሃይደልበርግ ተማሪ አሜሪካ ሄዶ ለአገሩ ልጆች 13 የትምህርት ዕድሎችን አስገኘ። ዛሬ ዳአድ ተብሎ የሚታወቀው የጀርመን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተው ከዚህ ጅምር ተነሥቶ ነው። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ የተነጠለች አገር ወደ ዓለም የምትመለስበት መንገድ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ገንዘቡ ማንም ካልጠበቀው ቦታ መጣ። የአሜሪካ ጦር በየአገሩ ብዙ የተረፈ ንብረት ነበረው። ንብረቱን የገዙት አገሮች ዶላር ስላልነበራቸው መክፈል የሚችሉት በራሳቸው ገንዘብ ነበር፤ ያ ገንዘብ ደግሞ ወደ አሜሪካ ቢወሰድ ብዙም አይጠቅምም። ሴናተር ዊልያም ፉልብራይት «እዚያው ለተማሪና ለምሁር ልውውጥ ይዋል» የሚል ሕግ አቀረቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ፕሬዚዳንት ትሩማን ፈረሙበት። ሴናተሩ ራሳቸው በወጣትነታቸው በሮድስ የትምህርት ዕድል ኦክስፎርድ የተማሩ ሰው ናቸው። በስማቸው የሚጠራው ዕድል መነሻ ካፒታሉ እንግዲህ የጦር ሜዳ ትራፊ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሁለት የሃርቫርድ ተማሪዎችና አንድ ወጣት መምህር ሌላ ነገር ሞከሩ። ዩኒቨርሲቲው በስሙ ሊይዘው ባይፈልግም የተማሪዎች ምክር ቤት ገንዘብ አዋጣ። በኦስትሪያ ሳልዝቡርግ፣ ሊዮፖልድስክሮን በተባለ ቤተ መንግሥት ውስጥ የስድስት ሳምንት የክረምት ትምህርት ተከፈተ። ከአስተማሪዎቹ አንዷ ስመ ጥሯ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ማርጋሬት ሚድ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት በጠላትነት የተሰለፉ አገሮች ወጣቶች አንድ ማዕድ ቀረቡ። ያ ተቋም ዛሬም አለ።

ኢትዮጵያም ተቀባይ ብቻ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1958 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለሌሎች አፍሪካውያን ወጣቶች የትምህርት ዕድል ሰጠ። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች አዲስ አበባ ገቡ። መንግሥቱ የፈለገው ነጻ በመውጣት ላይ ባለችው አፍሪካ ዘንድ የኢትዮጵያ ስም ከፍ እንዲል ነበር። የመጡት ወጣቶች ግን በየአገራቸው መከራከርና መደራጀት የለመዱ ነበሩ። ለኢትዮጵያ ተማሪዎች መንቃት የነሱ መምጣት አንዱ ምክንያት እንደሆነ የተማሪውን እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ይመሰክራሉ። ሰጪው በአንድ ዓላማ የዘራው በሌላ መልክ በቀለ።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ይወጣል።

አንደኛ፣ ያለ ዓላማ የተመደበ ገንዘብ የለም። ሰላም ይሁን፣ ቋንቋ ማስፋፋት ይሁን፣ የአገር ስም መገንባት ይሁን፣ ከጀርባው ምክንያት አለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ነበር» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው አመልካቹ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ያልተጠየቀውን ስለሚመልስ ነው። ዳአድ ለጀርመንኛ የክረምት ኮርስ የሚሰጠው ዕድል ጥሩ ምሳሌ ነው። የቋንቋ ዕውቀት አስቀድሞ ይጠይቃል፤ የሚፈልገውም ከጀርመንኛ ጋር ሥራ ያለውን ተማሪ ነው። ስለ ጀርመንኛ አንድ መስመር ሳይጽፍ ስለ አገር መለወጥ ሁለት ገጽ የሚጽፍ አመልካች በር ስቷል። ከጓደኛ ተቀድቶ ስም ብቻ የተቀየረበት ደብዳቤም ዕጣው ያው ነው።

ሁለተኛ፣ የሰጪው ዓላማ የተቀባዩን አእምሮ አይገዛም። የአፍሪካውያኑ ተማሪዎች ታሪክ ይህን ያሳያል። ስለዚህ ዓላማውን ማወቅ ማጎብደድ አይደለም። አመልካቹ የሚስማማውን ለይቶ እንዲገባበት፣ የማይስማማውን ደግሞ አውቆ እንዲተወው ይረዳል።

በሩ ዛሬም ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። የፓስፖርት፣ የቋንቋ ፈተናና የኢንተርኔት ወጪ ከዋና ከተማ ርቆ በሚማር ልጅ ላይ ይከብዳል። ቢሆንም በተክለ ሐዋርያት ዘመን ያልነበረው ወረቀት አሁን አለ፤ የቤተ መንግሥት ሰው ያልሆነውም ልጅ «እኔም አለሁ» ሊልበት ይችላል። ያንን ወረቀት ማስታወቂያው በወጣበት ሌሊት በጥድፊያ መሙላት ዕድሉን ማርከስ ነው። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት ሰጪው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሣና ምን ፈልጎ እንደተነሣ አንድ ምሽት ተቀምጦ ማንበብ ምንም አያስከፍልም።