ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ፦ ከጥብቅና እስከ ኒው ዮርክ ሴኔት

ገንዘብ የሰጠን ሰው ባለበት ጉድለትን መናገር ይገባል ወይ? ይህ ጥያቄ በየስብሰባችን ይነሳል። ለዚህ እትም የመረጥናቸው አሜሪካዊት የሕግ ባለሙያ ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ የሕይወት መንገዳቸው የተከፈተው እንዲህ በመናገራቸው ነው።

ኮንስታንስ እ.ኤ.አ. በ1921 በኒው ሄቨን ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከካሪቢያኗ ኔቪስ ደሴት የመጡ ጥቁሮች ነበሩ፤ አባታቸው በዬል ዩኒቨርሲቲ ለተማሪ ማኅበራት ምግብ ያበስሉ ነበር። ከ12 ልጆች 9ኛ በመሆናቸው ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርሱ ለኮሌጅ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም።

በከተማው ለጥቁሮች ተብሎ የተሠራ የማኅበረሰብ ማዕከል ነበር፤ ሰዉ ግን እምብዛም አይጠቀምበትም። ምክንያቱን ለመነጋገር ስብሰባ ተጠራ። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ኮንስታንስ ተነሥተው፣ ጥቁሮቹ በማዕከሉ አመራር ውስጥ ድምፅ ስለሌላቸው ነው አሉ። ማዕከሉን በገንዘብ የረዱት ነጭ ነጋዴ ክላረንስ ብሌክስሊ እዚያው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ብዙዎቻችን ብንሆን እንግዶቹ እስኪሄዱ እንጠብቅ ነበር። ሰውየው ግን አልተቀየሙም፤ አስጠርተው ለምን ኮሌጅ እንዳልገቡ ጠየቋቸው። ገንዘብ እንደሌላቸውና ሕግ መማር እንደሚፈልጉ ሲነግሯቸው፣ ወጪውን እስከ መጨረሻው ሸፈኑ። (እኛ ሒሳብ ያዦች ይህን ወጪ በየትኛው መደብ እንደምንጽፈው እንጃ!) እ.ኤ.አ. በ1946 ከኮሎምቢያ የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቁ።

ከዚያ በኋላ ከቱርጉድ ማርሻል ጋር ለጥቁሮች መብት ተሟገቱ። እ.ኤ.አ. በ1949 ሚሲሲፒ ሄደው፣ ለአንድ ዓይነት ሥራ ከነጮቹ ያነሰ ደመወዝ ለሚከፈላቸው ጥቁር መምህራን ቆሙ። ያ ክስ አልተሳካም። በ1962 ግን በዚያው ክፍለ ግዛት ጄምስ ሜሬዲዝ የተባለው ጥቁር ተማሪ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ አስፈረዱ። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆመው ከተከራከሩባቸው 10 ጉዳዮች 9ኙን ረቱ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ለኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሴኔት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። በዚያ የቆዩት አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ የያዙት ጉዳይ ግን የመኖሪያ ቤት፣ የሥራና የትምህርት እኩልነት ነበር። በእኛ አስተያየት ይህ ለጠበቃ ትልቅ እርምጃ ነው። ፍርድ ቤት የሚያየው የቀረበለትን ክስ ነው፤ የቤቱና የትምህርት ቤቱ በጀት የሚጸድቀው ግን በምክር ቤት ነው። በ1965 የማንሃተን ክፍለ ከተማ አስተዳዳሪ ሆኑ፤ በ1966 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፌዴራል ዳኛ አድርገው ሾሟቸው።

እ.ኤ.አ. በ1975 አንዲት ሴት ጠበቃ፣ በሴትነቴ በቅጥር አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብላ አንድን ትልቅ የጠበቆች ድርጅት ከሰሰች። የድርጅቱ ወገን፣ ዳኛዋ ጥቁርና ሴት ስለሆኑ ከችሎቱ ይነሱልን አለ። እሳቸውም ጾታና ዘር የሌለው ዳኛ የለም፣ ይህ ካስነሳማ የሚቀመጥ ዳኛ አይገኝም ብለው መለሱ፤ ከችሎቱም አልተነሱም።