ከትርፉ ቁጥር ጀርባ፦ የኩባንያ የሂሳብ ፖሊሲ ምንድን ነው? ባለአክሲዮኖችስ ለምን ሊያነቡት ይገባል?

በስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም እምብርት ‘የክብሪት ቤተ መንግሥት’ በመባል የሚታወቅ ሕንፃ አለ። በአርክቴክት ኢቫር ቴንግቦም ተነድፎ በአውሮፓውያኑ 1928 የተጠናቀቀው ይህ ሕንፃ፣ ‘የክብሪቱ ንጉሥ’ ይባል የነበረው ስዊድናዊ ባለሀብት የኢቫር ክሩገር ዋና መሥሪያ ቤት ነበር።

ክሩገር መጋቢት 3 ቀን 1924 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ ማርች 12 ቀን 1932) ፓሪስ በሚገኘው መኖሪያው በጥይት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ ራሱን እንዳጠፋ ደመደመ። ከሞቱ በኋላ የድርጅቶቹን መዛግብት የፈተሹት የፕራይስ ዋተርሃውስ የሂሳብ ባለሙያዎች ለዓመታት ትርፍ ተብሎ ሲነገር ከነበረው አብዛኛው በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ መሆኑን አረጋገጡ። በስቶክሆልም፣ በኒው ዮርክና በለንደን የክሩገርን አክሲዮንና ቦንድ የገዙ በርካታ ሰዎች ጥሪታቸውን አጡ።

ያ ውድቀት ዛሬ ማንኛውም ባለአክሲዮን ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ትቶ አልፏል። አንድ ኩባንያ “ይህን ያህል አተረፍሁ” ሲል ትርፉ በምን ተለካ? የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው፣ ብዙ አንባቢ በሚያልፈው የዓመታዊ ሪፖርት ክፍል ውስጥ፣ ‘የሂሳብ ፖሊሲዎች’ በሚል ርዕስ ሥር ነው።

የሂሳብ ፖሊሲ ምንድን ነው?

የሂሳብ ፖሊሲ ማለት አንድ ድርጅት የሂሳብ መግለጫዎቹን ሲያዘጋጅና ሲያቀርብ የሚከተላቸው መርሆች፣ መነሻዎች፣ ልማዶች፣ ደንቦችና አሠራሮች ናቸው። ገቢ መቼ እንደ ገቢ ይቆጠራል? ሕንፃ በተገዛበት ዋጋ ይመዘገባል ወይስ በወቅቱ የገበያ ዋጋ? በመጋዘን ያለ ዕቃ እንዴት ይተመናል? በውጭ ምንዛሪ ያለ ዕዳ በየትኛው ተመን ወደ ብር ይለወጣል? ፖሊሲው ለእነዚህ ሁሉ መልስ ይሰጣል።

ነገሩን በእህል ነጋዴ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ነጋዴ በመጀመሪያ 100 ኩንታል ጤፍ እያንዳንዱን በ10,000 ብር ገዛ። ቆይቶ ሌላ 100 ኩንታል እያንዳንዱን በ14,000 ብር ጨመረ። ከዚያም 100 ኩንታሉን እያንዳንዱን በ15,000 ብር ሸጠ። ምን ያህል አተረፈ?

አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ እንደወጣ የሚቆጥረውን ዘዴ ከተከተለ፣ የሸጠው የ10,000 ብሩን ጤፍ በመሆኑ ትርፉ 500,000 ብር ነው። የአማካይ ዋጋን ዘዴ ከመረጠ ደግሞ የአንዱ ኩንታል ወጪ 12,000 ብር ስለሚሆን ትርፉ ወደ 300,000 ብር ይወርዳል። ጤፉም፣ ገዢውም፣ በኪሱ የገባው ገንዘብም አንድ ነው። የተለየው መስፈሪያው ነው።

ሁለቱም ዘዴዎች በዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ የተፈቀዱ ናቸው። ልዩነቱም ለዘለቄታው አይቆይም። በመጀመሪያው ዘዴ በመጋዘን የቀረው ጤፍ በ14,000 ብር፣ በሁለተኛው በ12,000 ብር ስለሚመዘገብ ቀሪው ሲሸጥ ሂሳቡ ይካካሳል። ሆኖም በዚያች ዓመት የትርፍ ድርሻ የሚቀበል፣ አክሲዮን የሚገዛ ወይም ለነጋዴው ብድር የሚሰጥ ሰው የሚያየው ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ብቻ ነው። ቁጥሩ በየትኛው ቁና እንደተሰፈረ ካላወቀ ከሌላ ነጋዴ ትርፍ ጋር ሊያነጻጽረው አይችልም።

ክሩገር የደበቀው ምን ነበር?

በ1880 በካልማር ከተማ የተወለደው ክሩገር መሐንዲስ ነበር። በ1908 ከፖል ቶል ጋር ‘ክሩገር እና ቶል’ የተባለ የግንባታ ድርጅት አቋቋመ። በ1917 ደግሞ የስዊድን ክብሪት አምራቾችን በአንድ ኩባንያ ሥር ሰበሰበ። በ1920ዎቹ ከአሜሪካ ባለሀብቶች ያሰባሰበውን ገንዘብ ለመንግሥታት እያበደረ፣ በምላሹ በየአገሩ ክብሪት በብቸኝነት የማምረት ወይም የመሸጥ መብት ይወስድ ነበር። ለጀርመን መንግሥት ብቻ 125 ሚሊዮን ዶላር ለማበደር ተስማምቶ ነበር።

ፋብሪካዎቹም ብድሮቹም በእርግጥ ነበሩ። ሐሰቱ የተደበቀው በሂሳቡ ውስጥ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተቀጥላ ኩባንያዎቹ ሂሳብ ከእናት ኩባንያው ጋር ተጠቃሎ ለባለአክሲዮኖች አይቀርብም ነበር። አንዱ ድርጅቱ ለሌላው ሲሸጥ ትርፍ ይመዘገባል። አንዱ ከሌላው የሚፈልገው ገንዘብ እንደ ሀብት ይቆጠራል። ዋጋውን የሚተምነው ክሩገር ራሱ ነበር፤ በምን መነሻ እንደተመነው እንዲገልጽ የሚያስገድደው ሕግም አልነበረም።

የመጀመሪያው ስንጥቅ የታየው በስቶክሆልሙ የስልክ ኩባንያ በኤሪክሰን በኩል ነው። ክሩገር በ1931 በኤሪክሰን የነበረውን ከፍተኛ ድርሻ ለአሜሪካው አይ ቲ ቲ ኩባንያ ሸጠ። የገዢው ኩባንያ ሂሳብ መርማሪዎች በ1932 መጀመሪያ መዝገቡን ሲያገላብጡ፣ በእጅና በባንክ ያለ ጥሬ ገንዘብ ተብሎ የሰፈረው በእርግጥ ጥሬ ገንዘብ አለመሆኑን ደረሱበት፤ ከክሩገር ድርጅት የሚፈለግ ሂሳብ ነበር። አይ ቲ ቲ የከፈለው 11 ሚሊዮን ዶላር እንዲመለስለት ጠየቀ። ክሩገር ገንዘቡ አልነበረውም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞተ።

ከሞቱ በኋላም የኢጣሊያ መንግሥት ያወጣቸው የሚመስሉ፣ ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ዋጋ የተጻፈባቸው ቦንዶች ተገኙ። ሐሰተኛ ነበሩ። ጉዳዩ ፖለቲካውንም አናወጠ። ጠቅላይ ሚኒስትር ካርል ጉስታፍ ኤክማን ከክሩገር ገንዘብ መቀበላቸው በመታወቁ በነሐሴ ወር ከሥልጣን ወረዱ።

እርግጥ ነው፣ የተጻፈ የሂሳብ ፖሊሲ ሰነድ ከማጭበርበር አያግድም። ሆኖም ‘ጥሬ ገንዘብ’ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ የትኞቹ ድርጅቶች በሂሳቡ እንደተጠቃለሉ በግልጽ ከተጻፈ ኦዲተሩም ባለአክሲዮኑም ሊጠይቁበት የሚችሉት ነገር ያገኛሉ። የክሩገር ባለአክሲዮኖች ይህ አልነበራቸውም።

ሕጉ እንዴት ተለወጠ?

በአሜሪካ የክሩገር ውድቀት በ1933 እና በ1934 የወጡት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ሕጎች ሲመከርባቸው ከተነሡ ምሳሌዎች አንዱ ነበር። ስዊድን በበኩሏ በ1944 ያወጣችው የአክሲዮን ኩባንያዎች ሕግ የኩባንያ ቡድኖች ሂሳብ ለእይታ እንዲቀርብ መንገድ ከፈተ።

ዛሬ በስቶክሆልም የአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች ከ2005 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት የተጠቃለለ ሂሳባቸውን በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች ያዘጋጃሉ። ደረጃዎቹ ኩባንያው በሂሳቡ ላይ ትርጉም ያለው ለውጥ የሚያመጡ ፖሊሲዎቹን እንዲገልጽ፣ ከዓመት ዓመትም ሳያዛንፍ እንዲከተላቸው ያስገድዳሉ። ኩባንያው ፖሊሲውን መለወጥ የሚችለው አዲስ ደረጃ ሲያስገድደው ወይም ለውጡ አስተማማኝና ይበልጥ ጠቃሚ መረጃ የሚሰጥ ሲሆን ነው። በራሱ ፈቃድ ሲለውጥም እንደ ደንቡ ያለፉት ዓመታት ቁጥሮች በአዲሱ መስፈሪያ እንደገና መሰፈር አለባቸው።

መስፈሪያው ሲለወጥ ምን እንደሚከሰት ዋና መሥሪያ ቤቱ በስቶክሆልም የሆነው ኤች ኤንድ ኤም ያሳያል። በኢትዮጵያም ልብስ ያሠራ የነበረው ይህ ኩባንያ በኪራይ የሚጠቀምባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆች ነበሩት። የወደፊቱ ኪራይ ቀድሞ በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ እንደ ዕዳ አይታይም ነበር። የኪራይ ሂሳብን የሚመለከተው አዲስ ደረጃ በ2019 ሥራ ላይ ዋለ። ኤች ኤንድ ኤምም የሂሳብ ዓመቱ ከሚጀምርበት ከታኅሣሥ 1 ቀን 2019 አንሥቶ ሲተገብረው የመጠቀም መብቱ በሀብት፣ የሚከፍለው ኪራይ በዕዳ በኩል ተመዘገቡ። በዚያች ቀን አንድም አዲስ ሱቅ ሳይከፈት የኩባንያው ሀብትም ዕዳውም በመዝገብ ላይ አደገ።

ትንንሽ ድርጅቶችም ከጉዳዩ ውጪ አይደሉም። በስቶክሆልም ምግብ ቤት፣ የታክሲ ወይም የጽዳት ሥራ በአክሲዮን ኩባንያ ስም የሚያካሂድ ኢትዮጵያዊ፣ የሂሳብ ዓመቱ ባለቀ በ7 ወራት ውስጥ ዓመታዊ ሪፖርቱን ለስዊድን የኩባንያዎች ምዝገባ መሥሪያ ቤት ማስገባት አለበት። ትንንሽ ኩባንያዎች ‘ኮ2’ ከተባለው ቀላል ደንብና ሰፋ ካለው ‘ኮ3’ አንዱን ይመርጣሉ። ምርጫው ውጤት አለው። ለምሳሌ የራሱን ሶፍትዌር የሚያበለጽግ ድርጅት በ‘ኮ2’ ወጪውን በሙሉ በዚያው ዓመት ከገቢው ይቀንሳል። በ‘ኮ3’ ግን መስፈርቱን ካሟላ እንደ ሀብት መዝግቦ ለዓመታት ሊያከፋፍለው ይችላል።

በኢትዮጵያስ?

በኢትዮጵያ የሂሳብ መግለጫ አዘገጃጀት በአንድ ደረጃ እንዲመራ የተወሰነው በፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። አፈጻጸሙን እንዲከታተል የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቋመ። ባንኮችና ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ዓለም አቀፉን ደረጃ ተግባራዊ ካደረጉት ቀዳሚዎች መካከል ናቸው።

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሲመረቅ ጉዳዩ ከሂሳብ ባለሙያዎች ጠረጴዛ አልፎ ወደ ተራው ባለአክሲዮን ደረሰ። የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮችና በኢንሹራንስ ኩባንያዎች አክሲዮን እንዲገዙ በ2019 በሕግ ከተፈቀደ ወዲህም፣ የአዲስ አበባ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት በስቶክሆልም ወይም በዋሽንግተን ላለ አንባቢ የግል ጉዳዩ ሊሆን ችሏል።

የፖሊሲው ክብደት ከታየባቸው ጊዜያት አንዱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ነው። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት በውጭ ምንዛሪ ያለ ዕዳ በሂሳብ መዝጊያው ቀን ተመን እንደገና ይሰላል፤ ልዩነቱም በመሠረቱ በትርፍና ኪሳራ መግለጫ ላይ ይሰፍራል። የ1 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ያለበት ኩባንያ ተጨማሪ ሳይበደር ዕዳው ከ57 ሚሊዮን ወደ 100 ሚሊዮን ብር ሲያሻቅብ፣ የ43 ሚሊዮን ብር ኪሳራ ይመዘግባል። የዚያን ያህል ዶላር በእጁ ያለ ደግሞ በተቃራኒው ትርፍ ያሳያል። ያ ትርፍ ግን ከሥራ የተገኘ፣ በየዓመቱም የሚጠበቅ አይደለም።

ባለአክሲዮኑ ምን ይፈልግ?

በመጀመሪያ ፖሊሲንና ግምትን መለየት ይገባል። ሕንፃን በተገዛበት ዋጋ ወይም በታደሰ ግምት ማስቀመጥ ፖሊሲ ነው። ሕንፃው 20 ዓመት ያገለግላል ወይስ 40 የሚለው ግን ግምት ነው። በ40 ሚሊዮን ብር የተገዛ ሕንፃ በ20 ዓመት ሲሰላ በዓመት 2 ሚሊዮን፣ በ40 ዓመት ሲሰላ 1 ሚሊዮን ብር የእርጅና ተቀናሽ ይኖረዋል። ግምት ሲለወጥ ያለፉት ዓመታት ሂሳብ አይነካም፤ ለውጡ የሚታየው በተለወጠበትና በሚቀጥሉት ዓመታት ነው። ስለዚህ አንድ ኩባንያ ትርፉ በጨመረበት ዓመት የአገልግሎት ዘመን ግምቱን አራዝሞ እንደሆነ መመልከት ተገቢ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ከአምናው የተለወጠ ፖሊሲ መኖሩንና ምክንያቱን ማየት፣ በሦስተኛ ደረጃ በሂሳቡ የተጠቃለሉትን ድርጅቶችና እርስ በርስ ያደረጉትን ግብይት መመርመር ያስፈልጋል። ሪፖርቱ የባንክ ከሆነ ደግሞ የማይመለስ ብድር መጠባበቂያ የሚያዝበት መንገድ ዋናው ነው። አሁን ያለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ባንኩ ተበዳሪው መክፈል እስኪያቆም ሳይጠብቅ፣ ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ አስቀድሞ እንዲያሰላ ያዝዛል። ስሌቱ በአመራሩ ግምት ላይ ስለሚመሠረት ግምቱ የተገለጸበት ገጽ ከትርፉ ገጽ ባልተናነሰ ሊነበብ ይገባዋል።

የኢትዮጵያ ባንኮች የሂሳብ ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ጠቅላላ ጉባኤዎችም በብዛት በኅዳርና በታኅሣሥ ይጠራሉ። በጉባኤው ለኦዲተሩና ለቦርዱ ጥያቄ ማቅረብ የባለአክሲዮኑ መብት ነው። ብዙውን ጊዜ ውይይቱን የሚይዘው የትርፍ ድርሻው መጠን ነው። ትርፉ የተሰፈረበትን ቁና የሚጠይቅ ባለአክሲዮን ግን ድርሻው ከሥራ የተገኘ መሆኑን፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሊጠበቅ የሚችል መሆን አለመሆኑን አብሮ ያውቃል።