ከአዋሽ ሰመራ በአየር ስንት ነው?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ ገዋኔ ላይ ነው፤ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይዋ እንኳን ሰው ግመል የምታስጠልልበት። ባዶውን ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ባለ ተሳቢ መንገድ ዳር ቆሟል። ሹፌሩ ተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ጋደም ብሏል፤ ረዳቱ ጎማዎቹን በብረት እየመታ ድምፃቸውን ያዳምጣል። ከሚኒባስ የወረደ አንድ ወጣት ሻዩን ይዞ፣ “ከአዋሽ ሰመራ በአውሮፕላን ስንት ደቂቃ ይሆን?” አለ።

“አንተ አውሮፕላኑን አምጣ፣ ደቂቃውን እኔ እነግርሃለሁ” አለው ሹፌሩ።

ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን ሂሳቡን ያዝኩት። ከአዋሽ ሰባት ሰመራ በቀጥታ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአገር ውስጥ መስመር ላይ የምናውቀው ዳሽ 8 ኪው 400 ከፍታውን ከያዘ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል። መነሳቱንና ማረፉን ጨምራችሁ 45 ደቂቃ በሉት።

አሁን መሬቱን ተመልከቱ። በአስፋልት ወደ 360 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአየሩ ብዙም አይበልጥም! ከአዲስ አበባ ጎንደር በአየር 420 ገደማ ሆኖ ሳለ መኪና ግን ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ዞሮ 700ን ያልፋል። እዚህ ስምጥ ሸለቆው ሜዳ ነው፤ የአዋሽ ወንዝም መንገዱም ወደ ሰሜን ይወርዳሉ። ከአዋሽ ሰመራ ገመድ ብትወጥሩ ገዋኔ ገመዱ ላይ ነች ማለት ይቻላል፤ ከአዋሽ 140፣ ከሰመራ 180 ኪሎ ሜትር ያህል።

ታዲያ አውሮፕላኑስ? ከአዋሽ የሚነሳ መደበኛ በረራ የለም። መብረር ካማራችሁ ፊታችሁን አዙራችሁ 225 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ ትወጣላችሁ። ቦሌ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ፣ ጫማና ቀበቶ ታወልቃላችሁ፣ ከዚያ ወደ 390 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ገደማ በርራችሁ ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፍሬ ኤርፖርት ታርፋላችሁ። 325ቷን ለመሸሽ ከ600 በላይ ተጓዛችሁ! ሰዓቱን ስትደምሩት በጠዋት ከአዋሽ የተነሳው ሚኒባስ ሰመራ አጠገብ ሎጊያ ገብቶ ምሳውን ያዘዘ ይመስለኛል።

ደግሞ ሙቀቱ አለላችሁ። አየር ሲግል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ክንፉን በደንብ አይሸከምም፣ ሞተሩም ይደክማል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ ካልሆነም ጭነት ይቀንሳል። በቆላ አገር ጠዋት መብረር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ይህን እያወራን አንድ የአፋር ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው መጡ። ጨዋታው ቆመ፤ ዳጉ ነዋ! አፋር ከአፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይለዋወጥ አያልፍም። ሽማግሌው ከሻይ ቤቱ ባለቤት ጋር ቁጭ ብለው ጀመሩ፦ ዝናቡ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን ታመመ፣ ከሰሜን ማን መጣ። ባለቤቱ አንዱንም ሳያቋርጥ አዳመጠ፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ በአማርኛ፣ “ከፊታችሁ አዳይቱ ጋ ተሳቢ ተገልብጧል፤ መንገዱ ተዘግቷል” አለ።

ወጣቱ ሰዓቱን አየ። “ታዲያ ስንት ሰዓት እንገባለን?”

ሹፌሩ ሁለተኛ ሻይ አዘዘ። “የተገለበጠው ሲነሳ ነዋ!”