ባዶ ቦታ እንዴት ይታወቃል? ከአይቢኤም 701 እስከ ጃቫስክሪፕት

የኮምፒውተር ሜሞሪ ባዶ ሆኖ አያውቅም። እያንዳንዱ ቢት ወይ ዜሮ ነው ወይ አንድ፤ «ምንም የለም» የሚባል ሦስተኛ መልክ አልተሰጠውም። ስለዚህ አንድ ፕሮግራመር «በዚህ አሬይ ውስጥ ያልተያዘ ቦታ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ማሽኑ ከራሱ የሚያወጣው መልስ የለም። ባዶነትም እንደ ማንኛውም መረጃ ምልክት ሊወጣለት ይገባል፤ ምልክቱን የሚያወጣው ደግሞ ሰው ነው። የሚከተለው ታሪክ እነዚያን ምልክቶች ማን፣ መቼና ለምን እንዳወጣቸው ይከታተላል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጥር 1953 የአይቢኤም ባልደረባ ሃንስ ፒተር ሉን አንድ የውስጥ ማስታወሻ ጻፈ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ስምን ወይም ቁጥርን በስሌት ወደ ቦታ ቁጥር ለውጦ መረጃውን በቀጥታ እዚያ ማስቀመጥ። ዛሬ ሃሽ ሠንጠረዥ የምንለው ይኸው ነው። ሁለት መረጃዎች አንድ ቦታ ሲደርሳቸው፣ ሉን በሰንሰለት እንዲያያዙ አደረገ። በዚያው ሰሞን በዚያው ኩባንያ ውስጥ ጂን አምዳል፣ ኢሌን ቦህም፣ ናትናኤል ሮቸስተርና አርተር ሳሙኤል ለአይቢኤም 701 አሴምብለር እየጻፉ ሳለ ራሳቸውን ችለው እዚሁ ሐሳብ ላይ ደረሱ። የ701 ዋና ሜሞሪ እያንዳንዳቸው 36 ቢት የሆኑ 2,048 ቃላት ብቻ ይይዝ ነበር። ለግጭቱ መላ ያመጣው አምዳል ነው፤ ቦታው ተይዞ ከተገኘ ወደ ቀጣዩ ማለፍ፣ እሱም ከተያዘ ወደሚከተለው፣ ባዶ እስኪገኝ ድረስ። ለሰንሰለት የሚሆን ትርፍ ቦታ አያስፈልገውም።

ይህ መላ ለባዶው ቦታ አዲስ ሥራ ሰጠው። እስከዚያ ባዶ ቦታ አንድ ነገር የሚገባበት ስፍራ ብቻ ነበር። አሁን ግን የፍለጋ ማቆሚያ ሆነ፤ ፍለጋው ባዶ ቦታ ላይ ከደረሰ፣ የሚፈለገው ነገር በሠንጠረዡ ውስጥ የለም ማለት ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑት ስለ አልጎሪዝሞች ከሚጽፋቸው ተከታታይ መጻሕፍት በ1973 ባወጣው ሦስተኛ ቅጽ ላይ የዚህን ፍለጋ ቅደም ተከተል ሲጽፍ፣ ሠንጠረዡ የመጨረሻዋ አንድ ቦታ ስትቀር እንደ ሞላ እንዲቆጠር ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ያቺ አንዲት ቦታ ብትያዝ የሌለን ነገር የሚፈልግ ፕሮግራም ሲዞር ይኖራል።

የቀዳሚነቱ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሉን ማስታወሻም ሆነ የአምዳል ቡድን ሥራ በዚያን ጊዜ ለአደባባይ የወጣ ጽሑፍ አልነበረም። ስለ ሃሽ ሐሳብ በይፋ የታተመው የመጀመሪያ ጽሑፍ አርኖልድ ዱሚ በታኅሣሥ 1956 ያወጣው ነው። ዌስሊ ፒተርሰን ደግሞ በ1957 በአይቢኤም የምርምር መጽሔት ላይ ሰፊውን ጥናት አሳተመ። በሶቪየት ኅብረት አንድሬ ኤርሾቭ ከአሜሪካኖቹ ሳይሰማ ያንኑ የአምዳልን መንገድ አግኝቶ በ1958 አሳተመ፤ ሠንጠረዡ እስከ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ሲሞላ ያለን ነገር ለማግኘት በአማካይ ከሁለት ፍተሻ በላይ እንደማያስፈልግም ገመተ። ግምቱ ትክክል ነበር። ስለዚህ «ፈልሳፊው ፒተርሰን ነው» የሚሉ ጽሑፎች የሚመሰክሩት ስለ ኅትመቱ እንጂ ስለ ሐሳቡ አይመስለኝም።

በፒተርሰን ጽሑፍ ውስጥ ይበልጥ የሚስበኝ ግን ስለ መሰረዝ የተናገረው ነው፤ መረጃ ሲሰረዝ የሠንጠረዡ ቅልጥፍና እንደሚወድቅ አስተውሏል። ምክንያቱን ለመረዳት፣ በአንድ አልጋ ቤት ውስጥ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወረ ዘመዱን የሚፈልግ እንግዳ እናስብ፤ ደንቡ «ክፍት ክፍል ካገኘህ ከዚያ አትለፍ» የሚል ነው። ዘመዱ የመጣ ዕለት ክፍሉ ተይዞ ስለነበር ወደ ቀጣዩ አልፏል፤ የቀድሞው እንግዳ ግን ዛሬ ጠዋት ወጥቶ ሄዷል። ፈላጊው ክፍሉን ክፍት ሲያገኘው ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል፤ ዘመዱ ያለው ግን አንድ ግድግዳ አልፎ ነው።

በዚህ የተነሳ «ባዶ» የሚለው አንድ ምልክት አልበቃ አለ። ገና ማንም ያልያዘው ቦታና ተይዞ የተለቀቀ ቦታ መለየት ነበረባቸው። የመጀመሪያው ፍለጋን ያቆማል፤ ሁለተኛው አዲስ መረጃ ይቀበላል እንጂ ፍለጋን አያቆምም። ችግሩ የተለቀቁት እየበዙ ሲሄዱ ፍለጋው መርዘሙ ነው፤ ፒተርሰን ያየው ውድቀትም ከዚህ የመነጨ ነው። ክኑት በበኩሉ ከተሰረዘው ቀጥለው ያሉትን ወደ ኋላ እየሳበ ክፍተቱን የሚደፍን ቅደም ተከተል አቀረበ።

ክኑት በ1962 የአምዳልን መንገድ ሒሳብ አሰላ፤ ማስታወሻው ሐምሌ 22 ቀን 1963 የሚል ቀን ይዟል። በአጥጋቢ ሁኔታ የመረመረው የመጀመሪያው ከበድ ያለ አልጎሪዝም ይህ እንደነበርና የመጻሕፍቱን አቅጣጫ እንደወሰነው ራሱ ጽፏል። ውጤቱ የሚያስገርም ነው። ሠንጠረዡ በግማሽ ሲሞላ የሌለን ነገር ፈልጎ «የለም» ለማለት በአማካይ 2.5 ፍተሻ ይበቃል። 90 በመቶ ሲሞላ ግን 50.5 ይሆናል፤ በዚያው ሠንጠረዥ ያለን ነገር ለማግኘት የሚያስፈልገው 5.5 ብቻ ነው። ባዶ ቦታ ሲያንስ ዋናውን ዋጋ የሚከፍለው «የለም» የሚለው መልስ ነው።

ከሃሽ ሠንጠረዥ ውጭም ባዶነት ምልክት አስፈልጎታል። በ1965 የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቶኒ ሆር አልጎል ደብሊው ለተባለው ቋንቋ የማመላከቻ ዓይነቶችን ሲነድፍ «ነል» የሚባለውን ባዶ ማመላከቻ አስገባ። ዓላማው እያንዳንዱን ማመላከቻ ኮምፓይለሩ እንዲቆጣጠረው ነበር፤ ነልን ያስገባው ግን ለመሥራት ቀላል ስለነበር ብቻ መሆኑን በ2009 ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ ተናግሯል፤ የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ሲልም ጠራው። ከዚያ በኋላ በመጡ ብዙ ቋንቋዎች የአሬይ ባዶ ቦታ ማለት ነል ያለበት ቦታ ሆነ። በጃቫ አዲስ የተፈጠረ የኦብጀክት አሬይ በነል ይሞላል፤ አንድ በአንድ ማየት ይበቃል። የኢንቲጀር አሬይ ግን በዜሮ ስለሚሞላ፣ ማንም ያልጻፈበትን ቦታ ሆን ተብሎ ከተጻፈ ዜሮ መለየት አይቻልም።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የተወሳሰበው በጃቫስክሪፕት ነው። ብሬንደን አይክ በግንቦት 1995 በኔትስኬፕ በአሥር ቀን የመጀመሪያ ቅርጹን የሰጠው ይህ ቋንቋ አሬይን ኦብጀክት አድርጎ ይመለከታል፤ የቦታ ቁጥሮቹ የንብረት ስሞች ናቸው። ስለዚህ አንድ ቦታ «አንዲፋይንድ» የሚባለውን ዋጋ ሊይዝ ይችላል፤ ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ሁለቱም ሲነበቡ የሚመልሱት ያንኑ አንዲፋይንድ ነው። አንድን ቦታ በዲሊት ትእዛዝ ማጥፋትም የአሬዩን ርዝመት አይቀንሰውም፤ ክፍተት ብቻ ይተዋል።

ልዩነቱን የሚያሳዩት ኢን የተባለው ኦፕሬተርና ሃዝ-ኦውን-ፕሮፐርቲ በታኅሣሥ 1999 በቋንቋው ሦስተኛ የደረጃ ሰነድ ገቡ። በ2009 የወጣው አምስተኛው ፎርኢችና ሰም የተባሉ የአሬይ ትእዛዞችን ጨመረ፤ እነዚህ ክፍተትን ዘለው ያልፋሉ። በ2015 የመጣው ፋይንድና በ2016 የመጣው ኢንክሉድስ ግን ክፍተትን እንደ አንዲፋይንድ ይቆጥሩታል። በአንድ ቋንቋ፣ ክፍተት ባለበት በአንድ አሬይ ላይ፣ አንዲፋይንድ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ክፍተትን የሚዘለው ኢንዴክስኦፍ «የለም» ሲል ኢንክሉድስ «አለ» ይላል። ነባሩን ጠባይ መለወጥ በድር ላይ ያለውን የቆየ ኮድ ስለሚሰብር፣ የደረጃው ጸሐፊዎች አሮጌውን ሳይነኩ አዲሱን በተለየ ደንብ ጻፉት። ሰምን ተጠቅሞ ክፍተት ለመፈለግ የሚሞክር ፕሮግራመር የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ሰም ክፍተቱ ጋ ፈጽሞ አይደርስም። የሚያስተማምነው ከዜሮ ጀምሮ ከርዝመቱ በአንድ እስከሚያንሰው ቁጥር ድረስ እየቆጠሩ እያንዳንዱን ቁጥር በሃዝ-ኦውን-ፕሮፐርቲ መጠየቅ ነው።

ከሥሩ ያለው ሞተር ደግሞ የራሱ መዝገብ አለው። የጉግል ቪ8 መሐንዲሶች በ2017 እንዳብራሩት፣ ሞተሩ አሬዮችን «የታጨቁ» እና «ክፍተት ያለባቸው» ብሎ ይለያል፤ በክፍተቱ ላይም ከፕሮግራመሩ ዓይን የተሰወረ ልዩ ዋጋ ያስቀምጣል። በዚያን ጊዜ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መሸጋገር ነበር፤ መመለስ ግን አልነበረም። ባዶ ሆኖ በሦስት ርዝመት የተፈጠረ አሬይ ሦስቱም ቦታዎቹ ቢሞሉ እንኳ ሞተሩ ክፍተት እንዳለበት አድርጎ ይይዘው ነበር፤ በኢን ሲፈተሽ ግን አንድም ክፍተት አይገኝበትም።