የጀበርቲዎች ሪዋቅ፦ የአፍሪካ ቀንድ ደረሶች በአል አዝሃር

በካይሮ የሚገኘው አል አዝሃር መስጊድ እ.ኤ.አ. በ972 ለሶላት ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ተጀመረበት። ለረጅም ዘመን የመግቢያ ፈተናም ሆነ የተወሰነ የትምህርት ጊዜ አልነበረውም። ደረሳው ከየአምዱ ሥር ከሚያስተምሩት ሼኾች የወደደውን መርጦ ክቡን ይቀላቀል ነበር፤ ኪታቡን ሲያጠናቅቅ ከሼኹ ኢጃዛ (የማስተማር ፈቃድ) ይቀበል ነበር። ከሩቅ አገር ለመጣ ሰው ከባዱ ነገር ትምህርት ቤት መግባቱ ሳይሆን ማደሪያና ዕለታዊ ምግብ ማግኘቱ ነበር። ለዚህ የተገኘው መላ ሪዋቅ ነው።

ሪዋቅ በመስጊዱ ቅጥር ውስጥ ለአንድ አገር ወይም አካባቢ ሰዎች የተለየ ማደሪያ ነበር። ሶርያውያን፣ ማግሪቦች፣ ቱርኮች፣ የላይኛው ግብፅ ሰዎች የየራሳቸው ነበራቸው። እያንዳንዱን የሚያስተዳድር ሼኽ ነበረው፤ ወጪው የሚሸፈነው ገዢዎችና ባለሀብቶች ወቅፍ (የዘላቂ በጎ አድራጎት ስጦታ) ካደረጉት ቤትና መሬት በሚገኝ ገቢ ነበር፤ ለነዋሪውም ዳቦ ይታደል ነበር። በወሎ ደረሳውን የሚያበላው የአካባቢው ሕዝብ ነው፤ በካይሮ ግን ምጽዋቱ ራሱ በውል የታሰረ ነበር።

የአፍሪካ ቀንድ ሰዎች በካይሮ ቀድመው የታወቁት በዘይላ ወደብ ስም ነው። የሐነፊ መዝሀብ ፈቂህ (የሕግ ሊቅ) ፈኽረዲን አል ዘይላዒ በ1305 ገደማ ካይሮ ገብቶ አስተምሯል። ታሪክ ጸሐፊው አል መቅሪዚ በ1415 በመስጊዱ 750 ያህል ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ይናገራል፤ ከነዚህ መካከል ዘይላዎች ራሳቸውን የቻሉ ወገን ናቸው። አል መቅሪዚ ይህን የጻፈው በአሳዛኝ አጋጣሚ ነው። በዚያ ዓመት መስጊዱን እንዲቆጣጠር የተሾመ አሚር ነዋሪዎቹን ከነሣጥኖቻቸውና ከነቁርዓን ማስቀመጫዎቻቸው አስወጣቸው። ሹሙ ራሱም ብዙ አልቆየም፤ በግብፅ ሱልጣን ትእዛዝ ተይዞ ደማስቆ ታሰረ። አል መቅሪዚ ይህን የፈጣሪ ፍርድ አድርጎ አይቶታል። ሪዋቆቹ ግን አልጠፉም።

ኋላ ላይ የጸናው ስም ጀበርቲ ነው። ካይሮ ከልዩ ልዩ ሱልጣኔቶች የመጡትን ሰዎች ሁሉ በዚህ አንድ ስም ጠራች፤ አገር ቤት ሳሉ የማይተዋወቁ ሰዎችም በአንድ ጣሪያ ሥር የአንድ አገር ልጆች ሆኑ። የጀበርቲዎቹን ሪዋቅ ታሪክ ከሁሉ በተሻለ ያቆየው ከዚያው የወጣው ቤተሰብ ነው። ታሪክ ጸሐፊው አብዱረሕማን አል ጀበርቲ እንደጻፈው፣ ሰባተኛ አያቱ ከጀበርት ምድር ተነሥቶ በጂዳ በኩል መካና መዲና ተቀመጠ፤ ከዚያም ወደ ካይሮ ተሻግሮ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ የሪዋቁ ሼኽ ሆነ። ሹመቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ። የጸሐፊው አባት ሐሰን በሒሳብና በሥነ ፈለክ የላቀ ነበር፤ ልጁ እንደሚለው ፈረንጆች ሳይቀሩ ከእርሱ ሊማሩ ይመጡ ነበር። ስደተኛ ሆኖ የገባ ቤተሰብ በጊዜ ብዛት ሌላውን ተቀባይ ሆነ ማለት ነው።

አብዱረሕማን የአያቶቹን አገር ሰዎች ሲገልጽ በእግራቸው ሐጅ የሚያደርጉ፣ ለዕውቀት የሚሰደዱ ይላቸዋል። በጥቅምት 1798 የናፖሊዮን ወታደሮች ከነፈረሶቻቸው አል አዝሃር ሲገቡ ካይሮ ነበር፤ ሪዋቆቹ እንደተበረበሩ፣ ፋኖሶቹና የተማሪዎቹ ሣጥኖች እንደተሰባበሩ መዝግቧል። የደረሳ ንብረት ያው አንድ ሣጥን ስለሆነ፣ በ1415ም በ1798ም የጉዳቱ መለኪያ ሣጥን መሆኑ አያስደንቅም።

ሪዋቅን በኋላ ያዳከመው ወታደር ሳይሆን ሕግ ነው። በ1872 የመምህርነት ፈተና ተደነገገ፤ ቀጥለው የወጡት ሕጎች የትምህርት ደረጃና ዘመን ወሰኑ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለውጭ አገር ተማሪዎች ከመስጊዱ ውጭ ሰፊ የመኖሪያ መንደር ተከፈተ። ንጽሕናውና ስፋቱ ከሪዋቁ የተሻለ ነበር፤ የአገር ሽማግሌ የሆነ ሼኽ ግን አብሮት አልሄደም። በ1961 የወጣው ሕግ አል አዝሃርን ሕክምናና ምህንድስና ጭምር የሚሰጥ ዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ተማሪ የሚገባው በፋኩልቲ መዝገብ ነው።